ኮች ሱራፌል ሽማግሌ ሲልክ

ሴራፊን ኦርቴጋ በእግር ኳስ ዘመኑ አንድም ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ስፔን ውስጥ፣ በሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ ሣራቸው ባለቀ ሜዳዎች ላይ አሥራ አራት ዓመት በግራ ተከላካይነት ተጫውቷል። ተጫውቷል ይባል እንጂ ግማሹን ያሳለፈው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአባቱ ጋር ሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ ይሰነብታል፤ እሑድ ሲመጣ ጉልበቱ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ አራግፎ ማልያውን ይለብሳል። ሜዳ የገባ ቀንም ቢሆን ኳሷ ወደ እሱ የምትመጣው ሌላ የሚቀበላት ሰው ሲጠፋ ብቻ ነበር። «የግራ መስመር እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ የሚታወሰው ሲቸግር ነው» እያለ ራሱ ይስቅበታል።

የማይስቅበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ክለቡ፣ አንድ እሑድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲደርስ ቁጥሩን ሌላ ልጅ ለብሶት አገኘ። አሰልጣኙ ምንም አላለውም። ጓደኞቹም የጫማቸውን ክር የሚያስሩ መስለው እንዳጎነበሱ ቀሩ። ሴራፊን ያን ቀን ወደ ቤቱ እየተመለሰ፣ አሰልጣኝ የሆነ እንደሆነ የማያሰልፈውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሊነግረው ለራሱ ቃል ገባ።

ቃሉን እንደያዘ ጄኔቫ መጣ። እኅቱ አስመጥታው፣ ለ ሊኞን በሚባለው፣ ከሮን ወንዝ በላይ እንደ ባቡር በተቀጣጠለው ረጅም ሕንፃ የአንዱ መግቢያ ኮንሲየርዥ ሆነ፤ ደረጃ ያጸዳል፣ አምፖል ይቀይራል፣ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ቁልፍ ይይዛል። ከሥራ በኋላ እየተማረ የአሰልጣኝነት ፈቃድ አወጣ። መጀመሪያ ከጄኔቫ አጠገብ ባለችው ቨርሷ ውስጥ ሕፃናት አሠለጠነ። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ክለብ ሁለተኛ ቡድኑን ሰጥቶት ዓመት ሳይሞላው አሰናበተው። ጉዱን ያፈላው ያው ቃሉ ነው፤ ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ሴራፊን ገና ተቀያሪዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ለምን እንዳላሰለፋቸው ያስረዳ ነበር።

የሐበሾቹን ቡድን ያገኘው በኩልሱም በኩል ነው። ኩልሱም ከወንድሟ ከኢስሀቅ ጋር በእሱ መግቢያ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ በአረጋውያን መኖሪያ የምትሠራ፣ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ የቡድኑ ጸሐፊ የሆነች ሴት ናት። ቡድኑ አሰልጣኝ የለውም ነበር፤ የሌለውም ሁሉም አሰልጣኝ ስለነበረ ነው። ከመሀላቸው የሾሙት ሁሉ ከመጀመሪያው ሽንፈት አላለፈም። በመጨረሻ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ፈረንጅ ይሁን፣ ቢሰድቡትም አይገባውም፣ ብለው ወሰኑ። ኩልሱምም ኮንሲየርዡ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ አሳንሰር ሲጠብቅ አይታው ስለነበር በዚያው ያዘችው።

በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ስሙ ሴራፊን መሆኑን ሲነግራቸው ልጆቹ ተያዩ። አምበሉ አየነው ግን ጊዜ አላጠፋም፤ ሱራፌል ማለት ነው፣ አለና ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮች ሱራፌል ሆነ።

አየነው የአምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ልጆቹ ጋሽ አየነው ይሉታል። በአየር ማረፊያው ሻንጣ ይጭናል። ቡድኑን የመሠረተው፣ ማልያውን የገዛው፣ ከየጨዋታው በኋላም የሚያጥበው እሱ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ አገሩ የገቡ ቀን ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ቆሞ የተቀበላቸው፣ ጃኬት ያለበሳቸው፣ ለወረቀታቸው ጉዳይ በየራንዴቩው፣ በየቢሮው ቀጠሮ፣ አብሯቸው የተመላለሰው እሱ ነበር። የተጣላ ያስታርቃል፣ የታሰበን ጋብቻ ይሸመግላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ስምንት ቁጥር ለብሶ መሀል ይጫወታል።

ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ሴራፊን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋለ። ኳሷ ከየትም ትነሣ ከየት መጨረሻዋ አየነው እግር ሥር ነው። ኢስሀቅ የሚባለው የኩልሱም ወንድም፣ የቀለም ቅብ ሙያ ተማሪው፣ እንደ ሚዳቋ ይሮጣል፤ ሁለት ሦስት ሰው ያልፋል፤ በረኛውና እሱ ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያ ቆም ይልና ዞሮ ኳሷን ወደ ኋላ፣ ወደ ጋሽ አየነው ይሰዳታል። አየነው እግሩ ኳስ ያውቃል፤ የሚያቀብለው ኳስ እንደ ጥሩ ስጦታ የተጠቀለለ ነው። ነገር ግን ጉልበቱን ይዞ ዞር እስኪል የተጋጣሚ ቡድን በሙሉ ቦታው ላይ ይደርሳል።

ሴራፊን መላ ፈለገ። አየነውን ወደ ቀኝ መስመር ቢያወጣው ጨዋታው ሁሉ ተጠቅልሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ተከላካይ ቢያደርገው አጥቂዎቹ ሳይቀሩ ኳስ እየያዙ ወደ ገዛ ግባቸው መመለስ ጀመሩ። አንድ ቀን ጭራሽ በረኛ አደረገው። የዚያን ቀን አየነው በእጁ የያዘው ኳስ ሁሉ የራሱ ልጆች የሰጡት ነበር፤ ከተጋጣሚ በኩል አንድም ሙከራ አልመጣበትም።

ኢስሀቅን ለብቻው ጠርቶ ለምን እንደማይመታ ጠየቀው። ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ ጋሽ አየነው ቆመው እያለ እሱ እንዴት ብሎ እንደሚመታ መልሶ ጠየቀው።

በሐምሌ ዙሪክ ላይ በስዊስ ያሉ የሐበሻ ቡድኖች የሚገናኙበት ዓመታዊ ውድድር ነበር። ጄኔቫዎች ሦስት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሰው ሦስት ዓመት በዙሪኮች ተሸንፈዋል። ሴራፊን የሽንፈቶቹን ቪዲዮ ከኩልሱም ተቀብሎ አየ። ዙሪኮች ምስጢሩን ያወቁት ከእሱ በፊት ነው፤ ሁለት ሰው አየነው ላይ ያቆማሉ፣ ከዚያ በኋላ ሥራቸው ኳሷ እስክትመጣላቸው መጠበቅ ብቻ ነው። አየነውን ካላሳረፈው ይሄኛውም ዋንጫ እንደማይመጣ ገባው። ካሳረፈው ደግሞ ያንን እሑድ፣ ያንን ቦርሳ ይዞ መቆም፣ ለሌላ ሰው ሊያወርሰው ነው። ቡድኑም የአየነው ልጅ እንጂ የእሱ አይደለም። ልጆቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ በማግሥቱ ልምምድ ሊቀሩ ይችላሉ።

በቃሉ መሠረት ፊት ለፊት ሊነግረው መወሰኑን ለኩልሱም ሲነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ኮች፣ እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይነገርም» አለችው። «ሽማግሌ ይላካል።»

ሽማግሌ ምን እንደሆነ አስረዳችው። የከበደ ነገር ሲኖር የተከበረ ሰው በመሀል ይገባል፤ ባለጉዳዩ ጋ ሄዶ በቀስታ ያናግራል፤ እምቢ ቢባል እንደገና ይሄዳል። ሴራፊን ሐሳቡን ወደደው። ጄኔቫ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚላከው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ኩልሱም ሣቋ አመለጣት። ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ጋሽ አየነው ነው።

ሰኞ ሰኞ ሴራፊን ለአየነው የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ይከፍትለታል፤ በአየነው ሕንፃ የማጠቢያ ተራ የሚደርሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሆነ የቡድኑ ማልያ አይጠብቅም። ያን ሰኞ ሁለቱ በእንጨት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽኑ ሲዞር ያያሉ። በክቡ መስታወት ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ ይገላበጣል፤ አልፎ አልፎ ስምንት ቁጥር ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ሴራፊን ዞሮ የሰውየውን ዓይን እያየ ተናገረ።

«አየነው፣ ሽማግሌ ሆነህ እንድትሄድልኝ ፈልጌ ነው።»

አየነው ኮስተር ብሎ ቀና አለ። ሲሸመግል የሚያመጣው ፊት ነበር። «ከማን ጋር ተጣላህ?»

«አልተጣላሁም። አንድ ተጫዋች አለኝ፤ ትልቅ ሰው ነው። ቡድኑን ያቆመው እሱ ነው። ልጆቹ ስለሚያከብሩት ኳሱን ሁሉ ለእሱ ይሰጣሉ። ዙሪክ ላይ ከመጀመሪያው ባይሰለፍ እናሸንፋለን ብዬ አምናለሁ። ግን እንዳላስቀይመው ፈራሁ።»

ማሽኑ ቆም አለና በሌላ በኩል መዞር ጀመረ። አየነው ዓይኑን ወደ መስታወቱ መለሰ።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ?»

«በደንብ።»

«ጉልበቱን ያመዋል?»

«ሲነሣም ሲቀመጥም።»

«እሱ ግን አያምንም።»

«አያምንም።»

ውኃው ተንጠባጥቦ አለቀ፤ ልብሱ መጨመቅ ጀመረና ክፍሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አየነው እስኪያበቃ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ እርጥቡን ማልያ አንድ በአንድ እያራገፈ ወደ ቅርጫቱ ከተተ። ስምንት ቁጥሩን ግን ለብቻ አጥፎ ከላይ አስቀመጠው።

«ሰውየው አስቸጋሪ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ደግሞ አንድ ቀን ሄዶ አይሳካለትም። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ አለብኝ።»

ሐሙስ ልምምድ ላይ አየነው ጫማውን እያሰረ ሳለ ሴራፊንን ጠቀሰው። ሄዶ እንደነበር፣ ሰውየው ግን በሩን እንኳ እንዳልከፈተለት ነገረው። በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለ ወሬ ይዞ መጣ። አስገብቶታል፣ ሻይም አቅርቦለታል፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ተቆጥቶ፣ ማልያውን ማን እንደገዛው፣ ማን እንደሚያጥበው ጠይቆታል። ሴራፊን፣ ሰውየው እውነት አለው፣ አለ። አየነውም፣ እሱም እንደዚያው እንዳለው ነገረው። ልጆቹ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በየልምምዱ ጥግ ይዘው ስለማን እንደሚንሾካሾኩ ሊገባቸው አልቻለም። የገባት ኩልሱም ብቻ ነበረች፤ እሷም ውኃ ማደል እንዳለባት እያሳበበች ዞር ብላ ትስቃለች።

ሐምሌ ደረሰና ቡድኑ ማለዳ በባቡር ወደ ዙሪክ ተሳፈረ። ሴራፊን የአሰላለፉን ነገር ገና ለማንም አልተናገረም። ባቡሩ የወይን ማሳዎቹን አልፎ፣ ልጆቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ሳለ፣ አየነው መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ተስማማ» አለው።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሐይቁን እያየ ቀጠለ።

«ሁለት ነገር ግን ጠይቋል። የፍጻሜው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይገባል። ሲገባም ቦታውን ራሱ ይመርጣል።»

«የት ይሻላል አለ?»

«ፊት፣ ግቡ አጠገብ። ለምን አልኩት። የእኛ ኳስ የት እንደምትሄድ ዙሪኮችም ያውቃሉ አለኝ።»

ውድድሩ ዙሪክ ዳር ባለችው ዋሊሰለን ውስጥ፣ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነበር። የዙሪኩ ተከላካይ ሐቢብ በር ላይ ተቀበላቸው። እሱም አገሩ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጄኔቫ ስላሳለፈ ጃኬት ያለበሰው ጋሽ አየነው ነበር። ሮጦ መጥቶ ትከሻውን ሳመው፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ እናንተ ራንዴቩ እያላችሁ ታረፍዳላችሁ፣ እዚህ ቀጠሮ ተርሚን ነው የሚባለው፣ በሰዓቱ እንሸኛችኋለን፣ ብሎ አሾፈባቸው። ጋሽ አየነው ዘንድሮም መሀል ይጫወቱ እንደሆነ ሲጠይቀው አየነው፣ ሽማግሌዎች እያነጋገሩት ነው፣ አለው። ሐቢብ አልገባውም።

ሴራፊን አሰላለፉን ሲናገር የአየነው ስም አለመኖሩን የሰሙት ልጆች ክው አሉ። አንድ ሁለቱ ማልያቸውን ወደ ማውለቁ ሄዱ። አየነው ግን ረጋ ብሎ፣ ከኮች ጋር ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው፣ አለና ውኃ የያዘውን ሣጥን አንሥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ቤተሰቡ የሄደበት ቤት ውስጥ የቀሩ መሰሉ። ኳስ ያገኘ ሁሉ መሀሉን አይቶ ሰውየውን ሲያጣ ግራ ይገባዋል። እንዲያውም ኢስሀቅ አንዴ ተጨንቆ ኳሷን መስመር አሳልፎ ተቀያሪ ወንበሩ ድረስ ሰደዳትና አየነው እግር ሥር ቆመች። አየነው በእጁ አንሥቶ፣ እኔ ሥራ ላይ አይደለሁም፣ ብሎ መለሰለት። ሜዳው በሣቅ ሞላ፤ ሣቁም ልጆቹን ፈታቸው። ከዚያ በኋላ ኳሷ መሮጥ ጀመረች። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የሎዛኑን ቡድን አሸነፉ፣ የበርኑንም አሸነፉ፣ በአራተኛው ዓመትም ፍጻሜ ላይ ከዙሪክ ጋር ተገናኙ።

ፍጻሜው ከባድ ነበር። ዙሪኮች ቀድመው አገቡ፤ ከዕረፍት በኋላ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ በጭንቅላት ተመትቶ አንድ ለአንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተቆለፈ። ሐቢብ እንደ አጥር ቆመ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሴራፊን ወደ ወንበሩ ዞረ። አየነው ስምንት ቁጥሩን ለብሶ ጉልበቱን እያሸ ቆሞ አገኘው።

ሲገባ ልጆቹ ፊታቸው በራ። ሴራፊን ግን፣ ያ የድሮው ነገር ሊመለስ ነው፣ ብሎ ፈራ። አየነው ቀስ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ በኢስሀቅ አጠገብ ሲያልፍ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለውና ሄዶ ግቡ አጠገብ ቆመ። የዙሪኩ አሰልጣኝ ከመስመር ውጪ ሆኖ፣ ጋሽ አየነውን ያዙ፣ ኳሷ ወደሳቸው ነው፣ እያለ ጮኸ። ሐቢብና ጓደኛው ሮጠው ከግራና ከቀኝ ቆሙ። ሐቢብ ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ እያለ ማልያውን በጣቱ ጫፍ ያዘ።

ኢስሀቅ በግራ በኩል ኳስ አገኘ። አንዱን አለፈ። ወደ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ ከበረኛው በቀር ማንም አልነበረም፤ የቀሩት ሁሉ ሽማግሌውን እየጠበቁ ነው። ሴራፊን ያንን ቆም ማለት፣ ያንን መዞር ያውቀዋል። ኢስሀቅም ቆም አለ። ወደ ጋሽ አየነው አየ። ሐቢብም በረኛውም ወደ ጋሽ አየነው አዩ። አየነው ግን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሰማዩን ያያል።

ኢስሀቅ መታት። ኳሷ በረኛው ባዶ በተወው ጥግ ገባች።

ጨዋታው አልቆ ልጆቹ ሁሉ ሲጨፍሩ ኢስሀቅ ብቻ አልጨፈረም። እየሮጠ መጥቶ አየነው ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አለ። አየነው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ቀና አደረገውና ወደ ሴራፊን ዞረ።

«ካከበርከኝ አትስጠኝ ነው ያልኩት» አለ። «ታዛዥ ልጅ ነው።»

ዋንጫው ሲሰጥ እንደ ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው ለአየነው አደረሱት። አየነው ግን አላነሣውም። ዋንጫውን ታቅፎ ሴራፊንን ዕድሜውን ጠየቀው። አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ሲሠሩ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ፀጉሩ ስላልሸበተ ሁሉም ከአየነው ያንሳል ብሎ ገምቷል። አምሳ ሦስት፣ አለ ሴራፊን። አየነው በድንጋጤ አየውና፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ፣ ብሎ ዋንጫውን በሁለት እጁ ሰጠው። ሴራፊን ከልጅነቱ ጀምሮ በሕልሙ የሚያነሣውን ነገር አነሣ። ከባድ ይመስለው ነበር፤ ቀሊል ነው። እስከ ጄኔቫ ድረስ በባቡሩ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎት ተጓዘ፤ ቲኬት የሚያየው ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ሲለው ዋንጫውን ከፍ አድርጎ አሳየው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልምምድ ላይ አንድ ሰው ጎደለ። አየነው ጉልበቱን ሐኪም ስላየለት አርፎ ፊሽካውን ይዟል። ሴራፊን ቦታ ለመሙላት ጫማውን አጥልቆ በለመደው ቦታ፣ በግራ ተከላካይ በኩል ገባ።

ኳሷ ወደ እሱ መጣች። አቀበላት። ተመልሳ መጣች። በረኛው ሰጠው፤ የመሀል ተጫዋቾቹ ሰጡት፤ ኢስሀቅ ከተጋጣሚ ግብ አጠገብ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ ላከለት። ፊት ስጡ፣ ወደ ፊት፣ ብሎ ጮኸ። ኢስሀቅ፣ እሺ ጋሽ ሱራፌል፣ አለና እንደገና ሰጠው። በአሥራ አራት ዓመት ያላገኘውን ኳስ በአንድ ምሽት አገኘ።

አየነው ከመስመር ውጪ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ሱራፌል፣ እዚህ ቡድን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አለ። ጉልበቱን ሳያመው አይቀርም። ሄጄ ላናግርልህ?»

ሴራፊን ኳሷን ከእግሩ ሥር አላንቀሳቀሳትም።

«ሰውየው አስቸጋሪ ነው» አለ። «ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ አለብህ።»